ዋናው ቡድን እስኪጠራህ

ልጆቼ፣

ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ጋሼ፣ ለምን ዕድል አይሰጡንም?» ትሉኛላችሁ። አንዳንዱ በስልክ፣ አንዳንዱ ልምምድ ሲያልቅ ጫማውን እየፈታ፣ አንዳንዱ ደግሞ አባቱን ልኮ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በታዳጊና በተስፋ ቡድን አሰልጣኝነት ስለሆነ መልሱ እኔ ጋ ያለ ይመስላችኋል። የማውቀውን እነግራችኋለሁ። ደስ መሰኘታችሁን ግን እጠራጠራለሁ።

«ይህ ልጅ ለፍቷል፣ አሁን ተራው ነው» ብሎ የሚያሰልፍ የዋና ቡድን አሰልጣኝ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ተራ የሚባል ነገር የለም። በሩ የሚከፈተው የሆነ ነገር ሲበላሽ ነው። አንዱ ይጎዳል። አንዱ ቀይ ካርድ ያያል። ክለቡ ገንዘብ ያጥረዋል፣ ወይም ዝውውር ይታገዳል። ያን ቀን አሰልጣኙ ወንበሩን ዞር ብሎ ያያል፤ እዚያ የተቀመጠው ልጅ ይገባል። ጨካኝ ነገር ይመስላል። እግር ኳስ ግን እንዲህ ነው የሚሠራው፣ እዚህም እዚያ ማዶም።

ማርከስ ራሽፎርድ እንዴት እንደጀመረ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. የካቲት 25 ቀን 2016 ነው (የውጪዎቹን ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)። ማንቸስተር ዩናይትድ በዩሮፓ ሊግ ከዴንማርኩ ሚድትዩላን ጋር ሊጫወት ነው። አጥቂው አንቶኒ ማርሲያል ሰውነት እያሟሟቀ ሳለ ተጎዳ። ሩኒም ጉዳት ላይ ነበር። ለአሰልጣኙ ለቫን ኻል የቀረው የ18 ዓመት ልጅ ነው፤ አስገባው፤ ልጁ ሁለት ጎል አገባ። ከሦስት ቀን በኋላ በሊጉ አርሰናል ላይ ሌላ ሁለት ጨመረ። (የአርሰናል ደጋፊ የሆናችሁ ይቅርታ፣ እኔም ያን ቀን አልተደሰትኩም።) ማርሲያል ጤነኛ ሆኖ ቢገባ ኖሮ ራሽፎርድ መቼ ይጫወት እንደነበር ማንም አያውቅም። ችሎታው ከአንድ ቀን በፊትም ነበረ። የጠፋው ክፍት ቦታ ነበር።

ከዚህ የበለጠ የምወደው ግን የቡካዮ ሳካን ነው። ሳካ ሄል ኤንድ በሚባለው የአርሰናል አካዳሚ በክንፍ ተጫዋችነት ያደገ ልጅ ነው። በ2018 ኅዳር፣ በ17 ዓመቱ፣ ከዩክሬኑ ቮርስክላ ጋር በዩሮፓ ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባ። ሰው የሚያስታውሰው ይህንን አይደለም። በ2019/20 ቲየርኒና ኮላሺናች ሲጎዱ አርሰናል ግራ ተከላካይ አጣ። ሳካን ወስደው እዚያ አቆሙት። የእሱ ቦታ አልነበረም። ጀርባውን የሚያይ፣ ኳስ የሚቀማ፣ ረጅም አጥቂ ላይ የሚዘል ሰው መሆን ነበረበት። አላኮረፈም። እዚያ እየተከላከለ እየወጣም ለጎል የሚሆን ኳስ ያቀብል ነበር። ቲየርኒ ሲመለስ ሳካን ወንበር ላይ መመለስ አልተቻለም። ወደ ፊት አሻገሩት።

ማይልስ ሉዊስ-ስኬሊም በዚያው መንገድ ነው የመጣው። አካዳሚ ውስጥ የመሀል ሜዳ ተጫዋች ነበር። በ2024/25 የአርሰናል ተከላካዮች ተራ በተራ ሲጎዱ ግራ ተከላካይ ሆኖ ተገኘ። በዚያው የውድድር ዓመት፣ መጋቢት 2025፣ በ18 ዓመቱ ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተሰለፈና አልባንያ ላይ አገባ። ሁለት ልጆች፣ አንድ ክለብ፣ ሁለቱም የራሳቸው ባልሆነ ቦታ ገቡ።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ተስፋ ቡድን ውስጥ ስንት ልጅ ነው «እኔ ዐሥር ቁጥር ነኝ፣ ጨዋታ አቀጣጣይ» የሚለኝ! ሰፈር ውስጥ ዐሥር ቁጥር ነበረ፣ በትምህርት ቤት ውድድርም ዐሥር ቁጥር ነበረ፣ እዚህም ዐሥር ቁጥር ካልሆነ ፊቱ ይጠቁራል። ቀኝ ተከላካይ ሆነህ ተጫወት ስለው እንደቀጣሁት ያስባል። ልጄ፣ የዋናው ቡድን ዐሥር ቁጥር ክለቡ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ያስፈረመው ሰው ነው። ቢያንስ ዘንድሮ አይነቃነቅም። ቀኝ ተከላካዩ ግን አራት ቢጫ ካርድ አለበት፣ ምትኩ ደግሞ ጉልበቱን ያመዋል። የትኛው በር እንደሚከፈት አስብ። አንድ ዋና ቦታ ይኑርህ፣ ሁለተኛ ደግሞ ቢያንስ ሳታሳፍር የምትጫወትበት። ግራ እግርህን አሠራ። ግራ እግረኛ ተከላካይ በአገራችን ብርቅ ነው።

የትልልቆቹም ታሪክ ሲገለጥ ያው ነው። ባርሴሎና ኅዳር 2012 ላይ ሌቫንቴን ሲገጥም ዐሥራ አንዱም የክለቡ አካዳሚ የላ ማሲያ ልጆች ሆነው ሜዳ ላይ ታዩ፤ 4 ለ 0 አሸነፉ። ያ ግን የሆነው ዳኒ አልቬስ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ተጎድቶ በሞንቶያ ስለተተካ ነው። ቼልሲን ፊፋ በ2019 ክረምት ተጫዋች እንዳያስፈርም አገደው። አሰልጣኙ ላምፓርድ ምርጫ ስላልነበረው ማውንትን፣ ኤብራሃምን፣ ቶሞሪንና ሪስ ጄምስን ተጠቀመ። አራተኛ ሆነው ጨረሱ፣ ኤብራሃም በሊጉ 15 አገባ። ዩናይትድ በ1995 «በልጆች ምንም ማሸነፍ አይቻልም» ተብሎ በቴሌቪዥን ሲተች አሰልጣኙ ፈርጉሰን ኢንስን፣ ሂውዝንና ካንቼልስኪስን ሸጦ ነበር። በዚያው የውድድር ዓመት ሊጉንም ኤፍኤ ካፑንም ወሰዱ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ከእነ ቤካምና ስኮልስ ጎን ሽማይክል፣ ብሩስ፣ ኪን፣ በኋላም ከቅጣት የተመለሰው ካንቶና ነበሩ። ልጅ ብቻውን አይጣልም። አጠገቡ የሚጮህበት ትልቅ ሰው ያስፈልገዋል።

ስለ አሰልጣኙም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ የሚጠላችሁ ይመስላችኋል። አይጠላችሁም። ይፈራል። እኛ ሊግ ውስጥ ጥቂት ጨዋታ በተከታታይ የተሸነፈ አሰልጣኝ ሻንጣውን ማዘጋጀት ይጀምራል። ቦርዱ ይጠራዋል። ደጋፊው ስታዲየም ውስጥ ስሙን እየጠራ ይሳደባል። ላለመውረድ የሚታገል ቡድን ይዞ የ18 ዓመት ልጅ አሰልፎ ቢሸነፍ «ምን ነካው?» ይባላል። የ31 ዓመት ተጫዋች አሰልፎ ቢሸነፍ ግን ተጫዋቹ ነው የሚወቀሰው። እናም ከሌላ ክለብ የለቀቀ ልምድ ያለው ሰው ለአንድ ዓመት ያስፈርማል። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ። ይህ ለክለቡም ለአገሩም ኪሳራ ነው። ስብሰባ ላይ ደጋግሜ ተናግሬያለሁ፤ ጭብጨባ አገኘሁ፣ ለውጥ ግን አላየሁም። እናንተ ይህን ሥርዓት ዛሬ ልትቀይሩት አትችሉም። የአሰልጣኙን ፍርሃት መቀነስ ግን ትችላላችሁ።

እንዴት? አሰልጣኙ አንተን ሲያይ የመጀመሪያ ጥያቄው «ያሸንፍልኛል ወይ?» አይደለም። «ያስጠቃኛል ወይ?» ነው። በራስህ ሜዳ ኳስ የማትነጠቅ ከሆነ፣ ኳስ ስትነጠቅ ቆመህ እጅህን የማታነሳ ከሆነ፣ የማዕዘን ምት ሲመታ ማንን እንደምትይዝ ሳይነገርህ የምታውቅ ከሆነ፣ ግማሹ መንገድ አልቋል። ጎሉና አብዶው በኋላ ይደርሳል።

ዋናው ቡድን ለልምምድ ሰው ሲጎድለው ከተስፋ ቡድን አንድ ሁለት ልጅ ይጠራል። ያን ቀን እንደ ተራ ቀን እንዳታዩት። ብዙ ልጅ ያን ቀን ያበላሸዋል፣ ምክንያቱም ያለውን ሁሉ በአንድ ሰዓት ማሳየት ይፈልጋል። በአምበሉ እግር መሀል ኳስ ያሳልፋል፤ ጓደኞቹ ከአጥር ውጪ ይጮሃሉ፤ ቀጥሎ አምበሉ ቁርጭምጭሚቱን ይለዋል። አንድ የማውቀው ልጅ ግን ተቃራኒውን አደረገ። ሲመጣለት በአንድ በሁለት ንክኪ ሰጠ። «ሰው አለብህ!» «ዞር በል!» እያለ ከእሱ በዕድሜ ለሚበልጡት ጮኸ። ልምምዱ ሲያልቅ ኮኖቹን ሰበሰበ። አሰልጣኙ ወደ እኔ መጥቶ ስሙን ጠየቀኝ። አብዶኛውን ግን ማንም አልጠየቀኝም፣ እውነቱን ለመናገር ከልጁ ይልቅ ችሎታ የነበረው እሱ ነበር።

ለትልልቆቹ መናገር በእኛ ባህል ይከብዳል። ልጅ ዝም ይላል፣ አንገቱን ይደፋል። ከሜዳ ውጪ ይህ መልካም ነው፣ አክብሯቸው፣ ቀድማችሁ ሰላም በሏቸው። ሜዳ ውስጥ ግን ዝም ያለ ተከላካይ ቡድኑ ላይ ጎል እንዲገባ ያደርጋል። ከጀርባው ሰው እየመጣበት «ጋሽ እገሌ ይቅርታ» ብላችሁ እስክትጨርሱ ኳሱ መረብ ውስጥ ነው።

ከመጀመሪያው ጨዋታ ይልቅ ሁለተኛው ይከብዳል። መጀመሪያ ስትገባ ማንም አያውቅህም፣ ደጋፊውም ያዝንልሃል። ኢታን ንዋኔሪ በመስከረም 2022 ለአርሰናል ብሬንትፎርድ ላይ ሲገባ 15 ዓመት ከ181 ቀኑ ነበር፤ በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ታሪክ ትንሹ ተጫዋች። ዓለም ሁሉ ስሙን ጻፈ። በሊጉ እንደገና የገባው ግን በየካቲት 2024 ነው። በመሀል ከአንድ ዓመት በላይ። ስሙ የታሪክ መዝገብ ላይ እያለ ሰኞ ጠዋት ከእኩዮቹ ጋር ልምምድ ይሠራል። ሉዊስ-ስኬሊም ያን ሁሉ ካደረገ በኋላ በቀጣዩ የውድድር ዓመት ቦታው በካላፊዮሪ ተወስዶበት ወንበር ላይ ብዙ ተቀምጧል። ስለዚህ አንድ ጨዋታ ተጫውተህ ፌስቡክ ላይ ፎቶህ ሲዞር ረጋ በል። ቤተሰብህም ይረጋ። ሠርግ አይደለም።

ዝቅ ብሎ መጫወትን አትናቁ። ሃሪ ኬን ለቶተንሃም ቋሚ ተሰላፊ ከመሆኑ በፊት ሌይተን ኦሪየንት፣ ሚልዎል፣ ኖርዊችና ሌስተር በውሰት ተልኳል። በእኛም አገር ክለብህ ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ባለው በከፍተኛ ሊግ ለሚጫወት ቡድን በውሰት ልስጥህ ቢልህ ሂድ። ሜዳው አባጣ ጎርባጣ ነው፣ መኝታው አይመችም፣ ተከላካዮቹ ይመታሉ። ግን ዘጠና ደቂቃ ትጫወታለህ። በትልቅ ክለብ ማሊያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ ሁለት ዓመት ሲያልፈው ሳንባውም ልቡም ይሞታል። ለሴት ልጆቻችንም ይኸው ነው። እንዲያውም ለእነሱ የሚጫወቱበት ቡድን ቁጥሩ ስለሚያንስ ደቂቃ ያለበትን መምረጥ ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል።

የፕሪሚየር ሊጋችን ጨዋታ በ2013 ዓ.ም. በቴሌቪዥን በቀጥታ መተላለፍ ከጀመረ ወዲህ አንድ ነገር ተቀይሯል። አቡበከር ናስር በዚያው ዓመት ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አግብቶ ቆይቶ ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ። ሥራው በስክሪን ይታይ ነበር። ይህ ለእናንተ ጥሩ ዜና ነው። መጥፎው ደግሞ ደላላም አብሮ መብዛቱ ነው። «አውሮፓ ሙከራ አስገባሃለሁ፣ ይህን ያህል ብር ክፈል» የሚል ሰው ስልክ ሲደውልላችሁ ለእናታችሁ ንገሩ፣ ከዚያ ስልኩን ዝጉ። ፊፋ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር አገር እንዳይዘዋወር ይከለክላል፣ ልዩ ሁኔታዎቹም ጥቂት ናቸው። የ16 ዓመት የአዲስ አበባ ልጅ ከፍሎ ስፔን ሊፈርም አይችልም። ዕድሜ ስለመቀነስ ረጅም ንግግር አላደርግም። በ20 ዓመቱ ከ16 ዓመት ልጆች ጋር እየተጋፋ የሚያሸንፍ ልጅ መጋፋትን ብቻ ይማራል። ዋናው ቡድን ሲገባ ሁሉም ያህሉታል፣ ያኔ የሚያውቀው ሌላ ነገር የለም።

በመጨረሻ የምትጠሩበት ቀን ይመጣና ወረቀት ይቀርብላችኋል። የፊርማ ገንዘቡን ከማየታችሁ በፊት ሌላ ሦስት ነገር ጠይቁ። በእኔ ቦታ ስንት ሰው አለ? ከተስፋ ቡድን ልጆች ባለፈው ዓመት ማን በዋናው ቡድን ተጫወተ? ብጎዳ ሕክምናዬን ማን ይከፍላል? ማንበብ የሚችል ሰው፣ ታላቅ ወንድም ወይም መምህር፣ ይዛችሁ ግቡ። ስትፈርሙ ኮፒውን ተቀበሉ። «በኋላ እንሰጥሃለን» ካሉ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ፣ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ቢሮው ውስጥ ነው ያለው።