የምሥራቅ እስያ ታሪክን ከየትኛው ድረ ገጽ ላስተምር?

ጥያቄ፦ የ7ኛ ክፍል ታሪክ አስተምራለሁ። ስለ ቻይና፣ ጃፓንና ኮሪያ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ መዓት ነገር ነው የሚመጣልኝ። የትኛውን ልመን? የሥርወ መንግሥታቱን ዝርዝር ሳነብላቸው ደግሞ ልጆቹ ያንቀላፋሉ።

መልስ፦ ዝርዝሩን ለጊዜው ይተዉት። ለአንድ ክፍለ ጊዜ አንድ ጥሩ ሥዕል ይበቃል፤ በዚያ ላይ ሥዕል እንግሊዝኛ አይጠይቅም።

እኔ ብሆን ከኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲው «ቪዥዋላይዚንግ ካልቸርስ» ድረ ገጽ ነበር የምጀምረው። እ.ኤ.አ. በ1853 አሜሪካዊው ኮሞዶር ማቲው ፔሪ በአራት የጦር መርከቦች ጃፓን ደጃፍ ላይ ደረሰ፤ አገሪቱ በሯን እንድትከፍት ሊያስገድድ ነው የመጣው። አሜሪካኖቹም ጃፓኖቹም ሰውየውን ስለውታል፣ ድረ ገጹ ደግሞ ሁለቱንም ሰብስቦ አስቀምጧል። በአሜሪካኖቹ እጅ ኮስታራ መኮንን ነው። በአንዳንዱ የጃፓን ሥዕል ግን አፍንጫው ጎልቶ፣ ፊቱ ጭራቅ መስሎ ቁጭ ይላል። ስሙን ሳይነግሯቸው ሁለቱን ያሳዩና «አንድ ሰው ነው ወይስ ሁለት?» ብለው ይጠይቁ። ማን ሳለው፣ ለማን ብሎ፣ ምን ፈርቶ የሚለው ክርክር ከዚያ ራሱ ይመጣል፤ ታሪክ ማስተማር ማለት ለእኔ ይሄ ነው።

ለቻይና ደግሞ ዣንግ ዜዱዋን የሳለው፣ ቤጂንግ በቤተ መንግሥት ሙዚየም ያለው የቺንግሚንግ ጥቅል ሥዕል አለልዎት። ርዝመቱ 5 ሜትር ያህል ነው፣ ከተማ ሙሉ ሰው አለበት። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ያቁሙ፦ ጀልባዋ ምሰሶዋን ሳታወርድ ልትጋጭ ነው፣ ድልድዩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ተንጠልጥሎ ያያል። ምን እንደሚሸጥ፣ ማን ምን እንደሚሸከም ልጆቹ ይልቀሙ፤ ሥዕሉ ስለተሳለበት የሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ንግድ ከዚያ በኋላ ቢያወሩላቸው ይሰማሉ።

ለጽሑፍ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው «ኤዥያ ፎር ኤጁኬተርስ» ይሻላል፣ በየዘመኑ የተጻፉ ሰነዶችን ከመወያያ ጥያቄ ጋር ያቀርባል። አንዳንዱ ለዚህ ዕድሜ ይከብዳል፣ ስለዚህ አንድ አንቀጽ መርጠው እርስዎ ይተርጉሙላቸው። ኮሪያን እባክዎ በሁለቱ መሀል አይዝለሏት። ንጉሥ ሴጆንግ እ.ኤ.አ. በ1446 ያወጁት ፊደል ዛሬ 24 መሠረታዊ ሆሄያት አሉት፤ ልጆቹ ስማቸውን ይጻፉበት።

«የትኛውን ልመን» ላሉት ደግሞ፣ ሥዕሉ ማን እንደሳለው፣ መቼ እንደተሳለና የት እንደሚገኝ ካልተጻፈበት ክፍል ውስጥ አያስገቡት፤ ምንም ያህል ቢያምር። ኔትወርክም መሀል ላይ ጉድ እንዳያደርግዎት ማታውኑ ያውርዱት፣ በትልቁ መጠን፤ አለበለዚያ የድልድዩ ሰዎች ፊት አይታይም።