ባለ 20 ገጹ ዳይስ ሲጠፋ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ እትም ጥያቄዎች ሁሉ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ ሁሉም ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን የጠረጴዛ ጨዋታ 5ኛ እትም ሕግ ይመለከታሉ። ለማያውቀው፦ አንዱ መሪ ሆኖ ታሪኩን ያወራል፣ ሌሎቹ አንዳንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ተጥሎ የገጸ ባሕርዩ ጭማሪ ይደመርበታል፤ ድምሩ መሪው የቆረጠውን ማለፊያ ከደረሰ ተሳካ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ፈልገን አጣን። ያለን የሉዶ ዳይስ ነው። ሦስት ጥለን ብንደምር ምን ይጎድላል? (ከደሴ)

መልስ፦ አማካዩ አይጎድልም፤ በሁለቱም 10.5 ነው። የሚጎድለው ዳር ዳሩ ነው። ባለ 20 ገጹ ላይ እያንዳንዱ ቁጥር 5 በመቶ ዕድል አለው። በሦስቱ ዳይስ ግን ከ216 አወጣጦች 27ቱ 10ን፣ ሌላ 27ቱ 11ን ሲሰጡ፣ 18 የሚመጣው በአንዱ ብቻ ነው። ጭማሪ የሌለው ተጫዋች ማለፊያው 15 ከሆነ 30 በመቶ የነበረው ዕድሉ ወደ 9 ይወርዳል፤ ማለፊያው 8 ከሆነ ደግሞ ከ65 ወደ 84 ይወጣል። ቀላሉ ይበልጥ ይቀላል፣ ከባዱ ይበልጥ ይከብዳል። በዚሁ መቀጠል ከፈለጋችሁ 15ን 13፣ 20ን ደግሞ 16 አድርጉት። «ሙሉ 20» የሚባለውን ልዩ ምት ለ16፣ 17 እና 18 ስጡት፤ 4.6 በመቶ ይሆናል፣ ከ5 ብዙም አይርቅም።

እኛ ግን ቆርኪ እንመርጣለን። 20 ቆርኪ ከ1 እስከ 20 ቁጥር ጻፉባቸውና ከጨርቅ ከረጢት እያወጣችሁ ተጫወቱ። 6 እና 9 ሥር መስመር ይሰመር። የተጣመመ ቆርኪ እንዳትጨምሩ፤ መክፈቻ ያጎበጠውን ጣት ያውቀዋል፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሁሉም ሰው 20ን በዳሰሳ ማውጣት ይጀምራል። የወጣው ወዲያው ይመለስ። ካልተመለሰ ተጫዋቹ የቀረውን መቁጠር ይይዛል፤ «ትልልቆቹ ገና አልወጡም» እያለ ዘንዶውን ሊገጥም ተራ ይጠብቃል።

ለሌሎቹ ዳይሶች፦ ባለ 4 ሲያስፈልግ የሉዶውን ጣሉ፣ 5 ወይም 6 ከመጣ ድገሙ። ባለ 8 እና ባለ 10 ከቆርኪው ይወጣሉ፤ ትርፎቹን ለይቶ ማስቀመጥ ነው። ለባለ 12 አንድ ዳይስና የ1 ብር ሳንቲም በቂ ነው፤ አንበሳው ከወጣ 6 ይጨመራል። ሁለት ዳይስ መደመር አይሆንም፤ 1 ከቶ አይወጣም፣ 7 ደግሞ ከ36 አወጣጦች 6ቱን ይወስዳል።

ጥያቄ፦ ልጆቹ ከእያንዳንዱ ውጊያ በኋላ «አረፍን» ይላሉ። የ1 ሰዓቱን አጭር ዕረፍት በቡና ልንተካው አስበናል። እንዴት ይሁን? (ከሐይቅ)

መልስ፦ ስሙን ብቻ ከቀየራችሁ ምንም አልተለወጠም። ቡናው ወጪ ይኑረው፦ ውሃ፣ እንጨት፣ ጥሬ ቡና፣ ጀበና። ጀበናውን ማን እንደተሸከመ ይጻፍ፤ ያ ሰው ከገደል ከወደቀ ዕረፍትም አብሮ ተሰበረ። አቦል ላይ ቁስለኛው አንድ የዕረፍት ዳይስ ጥሎ ነፍስ ይመልሳል፣ ቶና ላይ ሌላ አንድ፣ ያለቀ ኃይል የሚታደሰው በረካ ላይ ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት መሪው ባለ 6 ገጽ ይጣል፤ 1 ከወጣ ጢሱን ያየ ሰው ይመጣል። ሦስቱንም ዙር የሚጠብቅ ቡድን እንግዳ የሚያገኝበት ዕድል 42 በመቶ ያህል ነው። መጪው ወዳጅም ይሁን ሰላይ፣ ወሎ ላይ ሲኒ ሳይዝ አይሸኝምና ያን ጊዜ ቡናው ለአንድ ሰው ያንሳል፤ ከቡድኑ አንዱ ዙሩ ያልፈዋል።

ዕረፍቱን ጨርሳችሁ እንዳታጠፉት። ተዋጊው፣ መነኩሴውና ከመንፈስ ጋር ውል የገባው አስማተኛ ኃይላቸውን የሚያድሱት በአጭር ዕረፍት ነው፤ መጽሐፍ ገላጩ ጠንቋይ ግን በዋናነት የሌሊቱን እንቅልፍ ይጠብቃል። አጭር ዕረፍት ከቀረ ጠንቋዩ ብቻውን ይገንናል። (መነኩሴ የሚለውን ስም ቀይሩት። ሐይቅ እስጢፋኖስ አጠገብ ተቀምጦ በቡጢ የሚደባደብ መነኩሴ ለማንም አይዋጥም።)

ጥያቄ፦ ሰባት ነን። አንድ ውጊያ ማታውን ሙሉ ይፈጃል። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ተራ ለማስያዝ ለእያንዳንዱ ሰው ዳይስ መጣል ይቅርና ተራው በወገን ይሁን። የጭራቆችን ጉዳት አትጣሉ፤ ባለ 8ን በአማካዩ 4.5 ቁረጡት፣ ወደ ታች 4 ይያዝ። የጭራቁን ነፍስ በግማሽ ቀንሳችሁ ምቱን በግማሽ ጨምሩ። አንድ ትልቅ ጭራቅ ብቻውን ከሆነ ግን ሰባት ጊዜ ተመትቶ አንዴ ይመታል፤ በዙሩ መካከል ሁለተኛ ተራ ስጡት።

ጥያቄ፦ ታሪኩን ባቲ ገበያ ላይ ልንጀምር ነው። ገንዘቡና መንገዱ እንዴት ይሁን? (ከደሴ)

መልስ፦ የመጽሐፉ 1 የወርቅ ሳንቲም 10 የብር ሳንቲም ነው። ወርቁን ማርትሬዛ፣ ብሩን አሞሌ በሉት። አሞሌ ከአፋር ሲርቅ ዋጋው ስለሚጨምር ምንዛሬው ባቲ 10 ለ1፣ ደሴ 8 ለ1 ይሁን። ተጫዋቾች ይህን እንዳዩ ነጋዴ ይሆናሉ፤ ከልካዩ ክብደት ነው። አንዱን አሞሌ ግማሽ ኪሎ አድርጉ፤ ሰው የሚሸከመው የገጸ ባሕርዩ የጉልበት ቁጥር ሲባዛ በ7 ኪሎ ግድም ነው። ዝናብ ከመጣ ያልተሸፈነው ጨው ይሟሟል።

መጽሐፉ ለቀን ጉዞ 24 ማይል፣ ማለትም 38 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰጣል። በወሎ ተራራ ግማሹን፣ 19 ያዙ። ከደሴ በኮምቦልቻ ባቲ 65 ኪሎ ሜትር ግድም ስለሆነ 4 ቀን ይፈጃል። ገበያው ሰኞ ነው፤ ሐሙስ ጠዋት የወጣ ቡድን እሑድ ማታ ይገባል። መንገድ ላይ አንድ ቀን የባከነበት ሰኞን ያጣል፣ እስከሚቀጥለው ሰኞ ስንቁን ይበላል።

ጥያቄ፦ ሕጉን በአማርኛ ተርጉመን ብናባዛ ያስከስሰናል? (ከወልድያ)

መልስ፦ መሠረታዊው የሕግ ሰነድ፣ ቁጥር 5.1፣ በጥር 2023 እ.ኤ.አ. በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቋል። ባለቤቱን ከጠቀሳችሁና የለወጣችሁትን ከገለጻችሁ መተርጎምም መሸጥም ትችላላችሁ። ሥዕሎቹና በሰነዱ ያልተካተተው የመጽሐፎቹ ይዘት ግን በዚህ ፈቃድ አልተሸፈኑም።