«ጋና ምን አገባሽ?» ላሉሽ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍሽን በጋና ማዕከላዊ ባንክ ላይ ጀምረሽ ግማሽ አድርሰሻል። አንድ የግል ባንክ ደግሞ ክፍለ ሀገር ላለው ቅርንጫፉ በጀማሪ ኦፊሰርነት ጠርቶሻል። አባትሽ «ጋና ምን አገባሽ? ደመወዙን ያዢ፤ የወንድምሽ የኮሌጅ ክፍያ ደርሷል» አሉሽ። አንቺም «ጽሑፉን ልተወው ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

አትተዪው። ጋናማ በደንብ ያገባሻል።

የጋና ማዕከላዊ ባንክ በሕግ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 1957 ነው፤ አገሪቱ ነፃ ልትወጣ ሁለት ቀን ሲቀራት። ከዚያ በፊት ገንዘቡን የሚያወጣው በ1912 ተቋቁሞ ለንደን የተቀመጠው የምዕራብ አፍሪካ የገንዘብ ቦርድ ነበር። ቦርዱ ፓውንድ ተቀብሎ የአገሩን ገንዘብ ይሰጣል እንጂ በዋና ከተማዋ አክራ ላይ ለተቀመጠ መንግሥት አያበድርም። ከነፃነቱ ጋር የማበደር ሥልጣንም መጣ። የጽሑፍሽ ነፍስ ያለችው እዚህ ነው፦ መንግሥት ሲቸግረው «አበድረኝ» ቢል ማን እምቢ ይለዋል?

ጋናዎች መልሱን በሕግ አሰፈሩት። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ማሻሻያ ባንኩ ለመንግሥት የሚሰጠውን ብድር ካለፈው ዓመት የመንግሥት ገቢ 5 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበ። በ2022 የውጭ ብድር ገበያው በሩን ሲዘጋባቸው ግን ገደቡ አልያዘም፤ የበጀቱን ጉድለት ባንኩ ሸፈነ። የጋና ገንዘብ ሴዲ ወደቀ፣ በዲሴምበር የዋጋ ንረቱ 54.1 በመቶ ገባ። መንግሥት የአገር ውስጥ ዕዳውን ሲያሸጋሽግ ቦንድ የያዙት ንግድ ባንኮች ተጎዱ፤ ማዕከላዊ ባንኩ ራሱ የዓመቱን ሒሳብ ከ60 ቢሊዮን ሴዲ በላይ ከስሮ ዘጋ።

አሁን ወደ ቤታችን ተመለሺ። የኛ ባንኮችም የመንግሥት ቦንድ ይዘዋል። ኢትዮጵያም እንደ ጋና የውጭ ዕዳዋ እንዲሸጋሸግላት የጠየቀችው በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ፣ ማለትም አበዳሪ አገሮች በአንድነት በሚደራደሩበት አሠራር ነው። የአክራን ታሪክ በቁጥር የምታውቅ ልጅ ለየትኛውም ባንክ የስጋት ወይም የጥናት ክፍል ታስፈልጋለች።

እኔ ጽሑፌን «በኋላ እጨርሰዋለሁ» ብዬ ብድር ክፍል ገባሁ። ስመለስ አራት ዓመት አልፎ፣ አማካሪዬ ጡረታ ወጥተው፣ መረጃዬም አርጅቶ ነበር። እንደገና ከዜሮ ጀመርኩ። ወደ ጥናት ክፍል የተዛወርኩት ያንን ወረቀት ከያዝኩ በኋላ ነው።

አባትሽን አከብራቸዋለሁ፤ ሒሳባቸው ግን ልክ አይደለም። ክፍለ ሀገር የቤት ኪራይ፣ ምግብና ትራንስፖርት ከጀማሪ ደመወዝ ላይ ሲቀነስ ለወንድምሽ የሚተርፈውን በወረቀት አስቢና አሳያቸው። የበኩር ልጅ የቤተሰብ ዕቁብ አይደለችም፤ ወንድምሽም ክፍያውን በየወሩ እንዲከፍል ኮሌጁን ይጠይቅ። አንቺ ቅዳሜና እሑድ ተማሪ አስጠኚ።

ዕድሜሽ 27 መሆኑ አያስጨንቅሽ። የመረጃ ነገርም እንደዚያው፤ የጋና ባንክ ዓመታዊ ሪፖርቶች በነፃ ይገኛሉ።

የታሪኩን ምዕራፍ ወደ አሥር ገጽ አሳጥሪው፤ ጥያቄሽን በዚያች 5 በመቶ ላይ አጥብቢ፤ ከ2016 እስከ 2022 ሕጉ ያለውንና ሪፖርቱ የሚያሳየውን ጎን ለጎን አስቀምጪ። ለጠራሽ ባንክ ደግሞ ሥራውን ከአራት ወር በኋላ ልጀምር ብለሽ ነገውኑ ጻፊ። እምቢ ቢሉም ጽሑፉን ጨርሺ።