መለካት የሚያውቅ ሰው፦ ለፊዚክስ ተመራቂ ወጣቶች

ውድ የፊዚክስ ተመራቂዎች፣

የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆማችሁ ስታነቡ አካውንቲንግ፣ ሲቪል ምሕንድስናና ነርሲንግ ተደጋግመው ተጽፈው ፊዚክስ ግን እንደሚጠፋባችሁ አውቃለሁ። ወላጆቻችሁም «ይህን ተምሮ ምን ይሠራል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በጨረር ሕክምና ክፍል በሕክምና ፊዚክስ ባለሙያነት ያረጀሁ ሰው እንደመሆኔ የምመልስላችሁ ይህን ነው፦ በትክክል መለካት የሚችልና የለካው ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል የሚናገር ሰው፣ የትምህርቱ ስም በማስታወቂያው ላይ ባይጻፍም ይፈለጋል።

ከራሴ ሙያ ልጀምር። የጨረር ማሽን ለታካሚው የሚሰጠውን መጠን የምንለካው አዮናይዜሽን ቻምበር በምትባል፣ አየር በያዘች ትንሽ መሣሪያ ነው። መሣሪያዋ ለውጭው አየር ክፍት ስለሆነች ንባቧ በውስጧ ባለው የአየር መጠን ይወሰናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ በመሆኑም ንባቡ ሩብ ያህል ዝቅ ስለሚል በ1.3 ገደማ ተባዝቶ መታረም አለበት። አንድ ሰው ይህን ቢዘነጋ፣ ወይም ግፊቱን ከስልኩ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ቢወስድ (እዚያ የሚታየው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በባሕር ወለል ልክ ተስተካክሎ የተሰላ ነው)፣ ማሽኑ የደከመ መስሎት የሕክምናውን ጊዜ ያረዝማል፤ ታካሚውም ከታዘዘለት በሲሶ ገደማ የበለጠ ጨረር ይወስዳል። በሙያችን የምንታገሠው ልዩነት ግን 5 ከመቶ ገደማ ነው። ይህን አደጋ የሚከላከለው በመጀመሪያ ዓመት ለፈተና ያጠናችሁት የጋዝ ሕግ ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት ያገለገለው፣ ኮባልት-60 በተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የሚሰጠው ሕክምናም እንዲሁ ነበር፤ የምንጩ ግማሽ ዕድሜ (ጨረሩ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 5.27 ዓመት በመሆኑ ጨረሩ በየወሩ 1 ከመቶ ያህል ስለሚቀንስ የሕክምናው ሰዓት ያለማቋረጥ እንደገና መሰላት ነበረበት።

ይህ ሙያ በአገራችን ገና ብዙ ሰው ይፈልጋል፤ ሊኒየር አክስለሬተር የሚባሉት ዘመናዊ የጨረር ሕክምና ማሽኖች ከአዲስ አበባ አልፈው ጅማ ደርሰዋል። ለመግባት ግን ሁለተኛ ዲግሪ ያስፈልጋል። ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሳላም ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ሳይንቲስቶች ብሎ በ1964 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ በትሪየስቴ ያቋቋመው ማዕከል፣ ከከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን በዚሁ መስክ የሁለት ዓመት ማስተርስ ይሰጣል፤ በንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ መቀጠል ለሚሹም የአንድ ዓመት የዲፕሎማ ትምህርት አለው።

ከሆስፒታል ውጭም ብዙ በር አለ። የሥነ ልክ ተቋም ሚዛንና ቴርሞሜትር ያስተካክላል፤ ሚቲዎሮሎጂ የከባቢ አየር ፊዚክስ የገባውን ሰው ይፈልጋል፤ እንደ አሉቶ ላንጋኖ ባሉ የእንፋሎት ኃይል ቦታዎች ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት የምድርን ውስጥ የኤሌክትሪክ ባሕርይ የሚለኩት የጂኦፊዚክስ ሰዎች ናቸው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ሕዝቡ ማብራሪያ የጠበቀው ከእነዚሁ ባለሙያዎች ነበር። ባንክና ኢንሹራንስም መረጃ የሚተነትን ሰው ይቀጥራሉ።

ብዙዎቻችሁ መምህር ትሆናላችሁ፤ ይህን እንደ ውድቀት የሚያዩትን አጥብቄ እቃወማለሁ። ገመድና ድንጋይ ይዞ ክፍል የሚገባ፣ ተማሪዎቹ የፔንዱለምን ውዝዋዜ ራሳቸው ለክተው ውጤታቸው ለምን እንደተለያየ እንዲከራከሩ የሚያደርግ መምህር ከዚህ በላይ የጻፍኩትን ሙያ ሁሉ ከሥሩ ይተክላል።

ስለ ችሎታ ከጠየቃችሁኝ፣ ሰርተፍኬት ከማከማቸት ይልቅ ሦስት ነገር በደንብ ያዙ እላለሁ። ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የራሳችሁን መረጃ አንብቦ ስሌት የሚሠራ ፕሮግራም እስክትጽፉ ድረስ ተማሩ። የተበላሸ መሣሪያ ከፍታችሁ በመልቲሜትር መፈተሽና መበየድ ልመዱ፤ ውድ መሣሪያ በአንድ ፊውዝ ምክንያት ቆሞ ሲከርም ብዙ ጊዜ አይቻለሁና። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፊዚክስ ያልተማረ ኃላፊ አንብቦ የሚወስንበት ሪፖርት መጻፍ ቻሉ፤ ጎበዝ ሆነው በዚህ ምክንያት ብቻ ወደኋላ የቀሩ ወጣቶችን ማየት ያሳዝነኛል።

ሥራ እስክታገኙ ባሉት ወራት አንድ ነገር ሠርታችሁ ጨርሱ። ለምሳሌ ናሳ በነፃ ከሚለቀው የፀሐይ ጨረር መረጃ የወረዳችሁን ወስዳችሁ፣ በአቅራቢያችሁ ያለ ጤና ኬላ የክትባት ማቀዝቀዣውንና መብራቱን በሶላር ለማሠራት ስንት ፓኔልና ስንት ባትሪ እንደሚያስፈልገው አስሉ። ክረምት ላይ ደመናው ለቀናት ሲቆይ ምን እንደሚሆን፣ ግምታችሁም የት ላይ ሊሳሳት እንደሚችል በግልጽ ጻፉበት። አራት ገጽ ይበቃል፤ ከማመልከቻችሁ ጋር አያይዛችሁ አስገቡት።