«ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» ለተባለችው የድሬ ተማሪ

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ የዲፓርትመንት ምርጫ ቅጽ የምትጠብቅ ተማሪ እንዲህ ትላለች፦ «ጋሼ፣ ግሎባል ትሬንድስ ስንማር አገሮች እርስ በርስ ሲነጻጸሩ በጣም ወደድኩት። ንጽጽራዊ ፖለቲካ ማጥናት እፈልጋለሁ። አጎቴ ግን ‹ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ ነው፣ አካውንቲንግ ግቢና እንጀራሽን ብዪ› ይሉኛል። እናቴ ዝም ብላለች። ሥራ አገኝበታለሁ ወይ?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ አጎትሽን አትቀየሚያቸው። በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው ይህን አባባል ዝም ብሎ አያነሳውም፣ ያየው ነገር አለ። ስጋታቸው ከፍቅር የመጣ ነው። ነገር ግን ፓርቲ ውስጥ መግባትና ፓርቲዎች ለምን እንደሚያሸንፉ ወይም እንደሚፈርሱ ማጥናት ለየቅል ነው። ኮረንቲ በሩቁ የሚባለውም መስመሩን ለማናውቅ ለእኛ ነው፤ ቤቱ ሲጨልም ግን መስመሩን የተማረ ሰው እንጠራለን። ይህን በለሰለሰ ቃል ንገሪያቸው።

ቅጹ ላይ «ንጽጽራዊ ፖለቲካ» የሚል ዲፓርትመንት ፈልገሽ አታገኚም። የምትሞዪው «ፖለቲካል ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት» የሚለውን ነው። ንጽጽራዊ ፖለቲካ በዚያ ውስጥ ከሚሰጡት ኮርሶች አንዱ ነው፤ የቀረው የፖለቲካ ፍልስፍና፣ የውጭ ግንኙነት፣ የምርምር ዘዴና የመሳሰለው ነው። እነዚያንም እስከ ምረቃ ተሸክመሽ መዝለቅ እንዳለብሽ አውቀሽ ግቢ።

ኮርሱ ምን እንደሚያስተምርሽ ግን እዚሁ አካባቢያችን ላሳይሽ። ሚኒባስ ተሳፍረሽ ደንገጎን ወጥተሽ፣ በሐረማያና በአወዳይ አልፈሽ ሐረር ግቢ። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ ከተሞች ቋንቋ ይጋራሉ፣ ገበያ ይጋራሉ፣ ዘመድ ይጋራሉ፤ የሚተዳደሩበት ሥርዓት ግን ጨርሶ አይገናኝም። ሐረሪ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 ስሙ የተጠቀሰ ክልል ነው። ድሬዳዋ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለችም፤ ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ ሆና በአዋጅ ቁጥር 416/1996 በወጣው ቻርተር ትተዳደራለች። ሁለቱም ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሁለት ሁለት እንደራሴ ይልካሉ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት ወይም የሚያስመርጡት ደግሞ የክልል ምክር ቤቶች ናቸው። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ይኸው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነውና፣ ክልል ላልሆነች ከተማ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መጠየቅ ብቻውን አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ወደ ሐረር እንመለስ። የክልሉ ምክር ቤት 36 መቀመጫ አለው። 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ናቸው፤ እነሱን የሚመርጡት ሐረሪዎች ናቸው፣ ከክልሉ ውጭ የሚኖሩትም ጭምር። የቀሩት 22ቱ በክልሉ ነዋሪ ሁሉ ይመረጣሉ። በ1999ኙ ቆጠራ ሐረሪዎች ከክልሉ ነዋሪ ከ10 በመቶ በታች ነበሩ። ይህን ሐረር ሸዋ በር ላይ ቡና እየጠጣሽ ብታነሺው አንዱ «ቁጥሩ ያነሰ ሕዝብ በገዛ ከተማው እንዳይዋጥ ነው» ይልሻል፣ ሌላው «ታዲያ እኩል ድምፅ የት አለ?» ይልሻል። ድሬ ወርደሽ ለዓመታት ሲያወዛግብ የኖረውን 40-40-20 የተባለ የሥልጣን ክፍፍል (40 በመቶ ለኦሮሞ፣ 40 ለሶማሌ፣ 20 ለሌሎች) ብታነሺም ክርክሩ እንዲሁ ይጦፋል።

ንጽጽር የተማረ ሰው እዚህ ላይ ጎራ ለይቶ አይጮህም፤ «ይህን ችግር ሌሎች እንዴት ያዙት?» ይላል። የቤልጅየም ሕገ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሳይጨምር የፌዴራል ሚኒስትሮቹ ቁጥር በደችኛና በፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች መካከል እኩል እንዲሆን ያዛል። ሊባኖስ ከታይፍ ስምምነት፣ ከ1989 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ የፓርላማ መቀመጫን ለክርስቲያኖችና ለሙስሊሞች እኩል ትከፍላለች። ኬንያ ደግሞ በ2010 እ.ኤ.አ. ባጸደቀችው ሕገ መንግሥቷ ሌላ መንገድ ሄደች፤ ፕሬዚዳንት ለመሆን ከጠቅላላው ድምፅ ከግማሽ በላይ ማግኘት ብቻ አይበቃም፣ ከ47ቱ ካውንቲዎች (የአካባቢ አስተዳደሮች) ከግማሽ በላይ በሆኑት ከየካውንቲው ቢያንስ 25 በመቶ ማግኘት ግድ ነው። ወንበርን በኮታ መክፈልና ተወዳዳሪው ከሰፈሩ ወጥቶ ድምፅ እንዲለምን ማስገደድ ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች ናቸው። የትኛው የት እንደሠራ፣ የትስ ቁስሉን እንዳመረቀዘ መመርመር ነው ትምህርቱ። እኔ ይህ ትምህርት ለአገራችን ያስፈልጋታል ብዬ ከልቤ አምናለሁ፤ ለድሬና ለሐረር ልጅ ደግሞ የኑሮው ጉዳይ ነው።

ዘዴው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ድሬና ሐረር የተለያዩት በአስተዳደራቸው ነው» ብለሽ ከቸኮልሽ መምህርሽ ወዲያው ያቆሙሻል። አንዷ ሐዲዱ በ1902 እ.ኤ.አ. ሲደርስ የበቀለች ከተማ ናት፤ ሌላዋ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን ጀጎል የታጠረላት። ልዩነቱን ያመጣው ቻርተሩ ይሁን ታሪኩ በምን ለየሽ? ሌላም ወጥመድ አለ። ማሊ በ2020፣ ቡርኪና ፋሶ በ2022፣ ኒጀር በ2023 እ.ኤ.አ. መፈንቅለ መንግሥት ተካሄደባቸው። ሦስቱን ብቻ ያየ ሰው «የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት የነበረ ሁሉ እንዲህ ነው» ብሎ ይደመድማል። ሴኔጋልም የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ነበረች፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ግን ተቃዋሚው በምርጫ አሸንፎ ሥልጣን ተረከበ። እሳት የነደደበትን ቤት ብቻ እያዩ የእሳቱን መነሻ ማወቅ አይቻልም፤ ያልነደደውንም ማየት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ እንጀራው። አልዋሽሽም፣ ጠባብ ነው። ከዚህ ዲፓርትመንት በየዓመቱ ብዙ ልጅ ይመረቃል፣ የመንግሥት ቅጥሩ ግን ለሁሉም አይበቃም። «የንጽጽራዊ ፖለቲካ ባለሙያ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ አታዪም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናም አለ፣ 50 በመቶ ካላመጣሽ ዲግሪው አይሰጥሽም። ተመራማሪ ወይም መምህር ልሁን ካልሽ ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪ እንዳለ አስቢ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የመከርኳት አንዲት ልጅ ተመርቃ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጣለች። በመጨረሻ በር የከፈተላት ዲግሪው ብቻውን አልነበረም። ሶማልኛና አፋን ኦሮሞ አቀላጥፋ ትናገራለች፣ በስልክ መጠይቅ የሚሞላበትን ኮቦ የተባለ መተግበሪያ ታውቅ ነበር፤ ጅግጅጋ አካባቢ ስደተኞችን የሚረዳ ድርጅት መጀመሪያ በመረጃ ሰብሳቢነት ለአጭር ጊዜ ወሰዳት፣ በኋላ ሪፖርት ጸሐፊ አደረጋት። ሪፖርቷ የተወደደው የአንዱን ወረዳ ችግር ከሌላው ጋር እያነጻጸረች ስለምትጽፍ ነበር። ያንን የተማረችው ክፍል ውስጥ ነው።

ስለዚህ ከገባሽ ባዶ እጅሽን አትግቢ። ስታቲስቲክስን አትሽሺ፤ ከኤክሴል ጀምሪና ስቴታ ወይም አር ወደሚባሉት የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች ተሻገሪ። አፍሮባሮሜትር የአፍሪካውያንን አስተያየት እየጠየቀ የሚሰበስበው መረጃ በነጻ ይገኛል፣ የሁለት አገር ሠንጠረዥ አውርደሽ ተለማመጂበት። የድሬ ልጅ ነሽና ሦስት ቋንቋ ሰፈር ውስጥ ለቅመሽ ይሆናል፤ ማንበብና መጻፉን ጨምሪበት። ፈረንሳይኛ ብትይዢ ደግሞ ጂቡቲ ጎረቤትሽ ናት፣ የኢጋድ ዋና መሥሪያ ቤትም እዚያ ነው። በክረምት የከተማው ምክር ቤት ወይም የአካባቢ ሬዲዮ ጣቢያ ያለ ክፍያም ቢሆን ቢያሠራሽ እምቢ አትበዪ።

ስለ አካውንቲንግ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናትሽ ዝም ያሉት ለምን ይመስልሻል? ከተመረቅሽ በኋላ አንድ ሁለት ዓመት ሥራ ብትፈልጊ ቤቱ ይችልሻል ወይስ ታናናሾችሽ የአንቺን ደመወዝ ይጠብቃሉ? ይህን እኔ አላውቅልሽም። ቤቱ የማይችል ከሆነ አካውንቲንግ ገብቶ ፖለቲካን በንባብ መያዝ ሽንፈት አይደለም፤ የበጀት ሰነድ ማንበብ የሚችል የፖለቲካ ተንታኝ በአገራችን ብርቅ ነው። ቤቱ የሚችል ከሆነና ልብሽ እዚህ ከሆነ ግን ፖለቲካል ሳይንስን አንደኛ አድርገሽ ሙዪ።

ቅጹ እስኪመጣ አንድ የቤት ሥራ ልስጥሽ። ስለ ድሬና ስለ ሐረር አንድ «ለምን?» የሚል ጥያቄ ምረጪና በአንድ ገጽ ለመመለስ ሞክሪ። ሦስት ቀን ሠርተሽበት አሁንም እንቅልፍ ከነሳሽ ምልክት ነው፤ ከሰለቸሽም ምልክት ነው። ገጹን ይዘሽ ቢሮ ብቅ በዪ፣ አጎትሽም አብረው ቢመጡ ደስ ይለኛል።