ስለ አንቲኦክሲዳንት ኢንዛይሞች (ሴልን ከኦክስጅን ጉዳት ስለሚጠብቁ ፕሮቲኖች) ለጠየቃችሁኝ

ላብራቶሪ ውስጥ ስለምሠራ ነው መሰለኝ ጥያቄው በዝቶብኛል። በአንድ ላይ ልመልስ።

ጥ፦ ኦክስጅን ሕይወት ነው እየተባለ እንዴት መልሶ ሴል ይጎዳል?

መ፦ ማይቶኮንድሪያ (የሴሉ ኃይል ማመንጫ) ምግብ ሲያቃጥል ጥቂት ኦክስጅን ያፈተልክና ሱፐርኦክሳይድ የሚባል ጎጂ የኦክስጅን ዓይነት ይሆናል። በዚህ ሰበብ የሴል ሽፋን፣ ፕሮቲን፣ ዲኤንኤ፣ ሁሉም ይጎዳል። ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ይይዘውና ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይለውጠዋል። ይህን ሥራውን ማኮርድና ፍሪዶቪች የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ግን ፐርኦክሳይዱም ራሱ ጎጂ ነው። እዚያ ላይ ቢቆም ከድጡ ወደ ማጡ ነበር። ካታሌዝና ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ የተባሉ ሌሎች ኢንዛይሞች ተቀብለው ውሃ ያደርጉታል።

ጥ፦ ቁስል ላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲፈስ የሚወጣው አረፋ ቆሻሻው ነው?

መ፦ አይደለም፣ ኦክስጅን ነው። ከደሙና ከተጎዳው ሴል የወጣ ካታሌዝ ነው የሚያፈላው። ዱለት የምትሠሩ ቀን ቁራጭ ጥሬ ጉበት ላይ ጠብ አድርጉበት። ወዲያው አረፋ ይደፍቃል። የተቀቀለው ላይ ግን ጸጥ ነው፣ ሙቀቱ ኢንዛይሙን አበላሽቶታል። (የሞከራችሁበትን ጣሉት እንጂ እንዳትበሉት!)

እ.ኤ.አ. በ1946 ጃፓን ውስጥ ታካሃራ የተባለ ሐኪም የአንዲት ልጅ አፍ ቁስል ላይ ይህንኑ አፈሰሰ። አረፋ የለም። ደሟ ጠቆረ። ለካ ካታሌዝ የላትም።

ጥ፦ የኢንዛይሙን እንክብል ብገዛስ?

መ፦ ገንዘብህን አትጣል። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፣ ጨጓራህ እንደ ሥጋ ይፈጨዋል። የቫይታሚን እንክብልም ሁሌ አይጠቅምም። ፊንላንድ ውስጥ አጫሾች ቤታካሮቲን (ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው) ሲወስዱ የሳንባ ካንሰሩ በ18 በመቶ ጨመረ። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው።

ጥ፦ ስፖርትስ? ብዙ ኦክስጅን አይደል የሚያስገባው?

መ፦ ጡንቻው ሲለምድ ኢንዛይሙንም ያበዛል። ሩጥ።

ጥ፦ እስራኤል ያለችው እህቴ ልጇ ጂሲክስፒዲ (G6PD) የሚባል ኢንዛይም እጥረት አለበት፣ ባቄላ አታብይው ተባለች። ምን አገናኘው? ሽሮስ?

መ፦ በደንብ ይገናኛል። ቀይ የደም ሴል ማይቶኮንድሪያ የለውም። ፐርኦክሳይድን የሚያከሽፍበትን ግሉታታዮን ለማደስ የሚያስፈልገው ኃይል የሚመጣለት በጂሲክስፒዲ በኩል ብቻ ነው። ባቄላ ውስጥ ቪሲን የሚባል ነገር አለ። ሆድ ውስጥ ሲፈርስ ሴሉን በፐርኦክሳይድ ያጥለቀልቀዋል። መከላከያው የደከመ ሴል ይፈርሳል፣ ልጁ ይገረጣል፣ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱም ይጠቁራል። ይህን ካየች ሳታድር ሐኪም ቤት ትውሰደው። እሸቱ ደግሞ ይብሳል። መቀቀሉም አያስተማምንም። ፕሪማኩዊን የተባለው የወባ መድኃኒትም እንዲሁ ስለሚያደርግ ሐኪሙ አስቀድሞ ይወቅ።

የሽምብራና የአተር ሽሮ ችግር የለውም። ጣጣው ሽሯችን ውስጥ ባቄላ መግባቱ ነው። ከአገር ቤት የተላከላት ከሆነ ለእናታችሁ ደውላ ምን ምን አስገብተው እንዳስፈጩት ትጠይቅ።