መልስ፦ ሳላውቀው ብዙ የምበላው በሙዚቃው ነው በጭንቀቱ?

ሰላም እህቴ። ማታ ከሥራ ደክሞሽ ገብተሽ፣ ሙዚቃ ከፍተሽ ስትበዪ ሳታውቂው ትሪው ባዶ እንደሚሆን ጽፈሻል። ጥፋቱ የማን ነው ብለሻል።

እኔ ጭንቀቱን ነው የምጠረጥረው። ጭንቀት ሲሰነብት ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ከፍ ይላል። እሱ ደግሞ ጣፋጭና ቅባት ያስመኛል።

ሙዚቃውም ግን ንጹሕ አይደለም። ሮናልድ ሚሊማን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናት፣ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ዝግተኛና ፈጣን ሙዚቃ እያፈራረቀ ተመልክቷል። በዝግተኛው ሰው በአማካይ 56 ደቂቃ ተቀመጠ፣ በፈጣኑ 45። የምግብ ሂሳቡ ብዙም አልተለየም፤ የጨመረው የመጠጡ ነው! (የደሴ ካፌ ባለቤቶች ይህን ባያነቡት ይሻላል።)

እኔ ምሳ የምበላበት ቤት ፒያሳ አካባቢ ነው፤ ስፒከሩ ከጆሮዬ ሥር። በዚያ ጩኸት ጉርሻዬን ሳላኝክ እውጣለሁ። ሽሮው ጨው እንደበዛበት የማውቀው ከወጣሁ በኋላ ውኃ ሲጠማኝ ነው። ቤቴ ግን አምባሰልን በክራር፣ ዝቅ አድርጌ እከፍታለሁ። ለአገሬ ቅኝት አዳላሁ መሰለኝ፤ ባቲም ያው ነው።

አንቺ ከመብላትሽ በፊት አሥር ደቂቃ ሙዚቃውን ብቻ ስሚ። ትንፋሽሽ ሲረጋ እንጀራው ይቅረብ። የሚበቃሽን አውጪና ድስቱን ኩሽና ተዪው። ሆድ የሚያባባ ዘፈን ከመጣ ግን ዝለዪው፤ እኔ በትዝታ ስብከነከን አንድ ሙሉ እንጀራ ጨምሬ አውቃለሁ።